የሆድ ዕቃ የአሠራር ሕመምን በአዲስ አበባ ዳርቻ ማጥናት፦ ከጥያቄው እስከ ሰገራ ምርመራው

ኢንዶስኮፒው ንጹሕ ነው፣ አልትራሳውንዱ ምንም አላሳየም፣ የደም ምርመራውም ደህና ነው፤ ሰውየው ግን በየሳምንቱ ሆዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ይመጣል። ቁስልም ዕጢም ሳይኖር የአንጀት እንቅስቃሴና የነርቮቹ ስሜት ተዛብቶ የሚመጣውን እንዲህ ያለ ሕመም ሐኪሞች የአሠራር ሕመም ይሉታል። ሮም አራት የሚባለው የምርመራ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ደግሞ የአንጀትና የአንጎል ግንኙነት መታወክ የሚል ስም ተሰጥቶታል። ዋና ዋናዎቹ አይቢኤስ (ቁጡ አንጀት)፣ የአሠራር ዲስፔፕሲያ (የላይኛው ሆድ ማቃጠል፣ ቶሎ መጥገብ ወይም መክበድ)፣ የአሠራር ሆድ ድርቀትና የአሠራር ተቅማጥ ናቸው።

በምስልም በደምም ስለማይታይ፣ የዚህ ሕመም መለኪያ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከተበላሸ ቁጥሩ ይበላሻል፤ በኋላ በስታቲስቲክስ የሚታረም አይደለም። ይህ መመሪያ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በገላን አካባቢ የቤት ለቤት ጥናት ለማድረግ ለተነሡ የማስተርስ ተማሪዎች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ነው።

መለኪያውን የሚያወጣው የሮም ፋውንዴሽን ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት በ33 አገሮች 73,076 ሰዎችን ጠይቋል። ከአፍሪካ ጋናና ናይጄሪያ በቤት ለቤት ሲካተቱ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። በኢንተርኔት ከተጠየቁት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ የአሠራር ሕመም ሲገኝባቸው፣ ፊት ለፊት ከተጠየቁት ግን የተገኘባቸው 21 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። አይቢኤስ ደግሞ በኢንተርኔት 4.1፣ በቤት ለቤት 1.5 በመቶ ነበር። ሰው ለማያውቀው እንግዳ ስለ ሰገራው በቀላሉ አይናገርም፤ ከልዩነቱ ጀርባ ያለው አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ውጤታችሁን ከሌላ አገር ጋር ስታወዳድሩ መጀመሪያ ያ ጥናት በምን መንገድ እንደጠየቀ እዩ።

ምን ልትለኩ እንደምትችሉ መወሰን

በቤት ለቤት ጥናት ኢንዶስኮፒ የለም። ስለዚህ ከእምብርት በላይ የሚያቃጥለውን፣ ጥቂት ጎርሶ የሚጠግበውን ወይም ከበላ በኋላ የሚከብደውን ሰው «የአሠራር ዲስፔፕሲያ አለበት» ብላችሁ መጻፍ አትችሉም። መለኪያው ራሱ የአካል ጉዳት አለመኖሩን ይጠይቃልና። በትክክል መጻፍ የምትችሉት «ያልተመረመረ ዲስፔፕሲያ» ብቻ ነው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ በመከላከያ ቀን የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ቃሉን ከፕሮፖዛሉ ርዕስ ጀምራችሁ አስተካክሉት።

አይቢኤስን ለመቁጠር የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ባለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን የሆድ ሕመም መኖር፤ ሕመሙም ከሚከተሉት ቢያንስ ሁለቱን ማሟላት፦ ከመጸዳዳት ጋር መያያዝ፣ ከመጸዳዳት ድግግሞሽ ለውጥ ጋር መምጣት፣ ከሰገራ ቅርጽ ለውጥ ጋር መምጣት። የጀመረውም ቢያንስ ከ6 ወር በፊት መሆን አለበት። ከእርሱ በፊት የነበረው ሮም ሦስት «ሕመም ወይም አለመመቸት» ይል የነበረውን ሮም አራት ወደ «ሕመም» ብቻ አጥብቦታል፣ ድግግሞሹንም ከወር ሦስት ቀን ወደ ሳምንት አንድ ቀን ከፍ አድርጎታል። የድሮ መጠይቅ ከሌላ ሰው ወስዳችሁ ከሆነ ሁለቱን ቃላት ፈልጉ፤ «አለመመቸት» ካለበት ሮም አራት አይደለም።

የአሠራር ሆድ ድርቀት ከስድስት ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱን ይጠይቃል፦ ማማጥ፣ ጠጣር ሰገራ፣ ሳይጨርስ የቀረ መምሰል፣ የተዘጋ መምሰል፣ በእጅ መርዳት (እነዚህ ከአራት ጊዜ ከአንዱ በላይ ሲሆኑ)፣ ወይም በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች መጸዳዳት። ለሴቶች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አትርሱ፦ ሕመሙ የሚመጣው በወር አበባ ጊዜ ብቻ ነው ወይስ በሌላውም ጊዜ? በወር አበባ ብቻ ከሆነ ለአይቢኤስ አይቆጠርም።

መቼ መሄድ

የአገራችን ጥናቶች በብዛት የሚስቱት ይህን ነው። መለኪያው የሚጠይቀው ስላለፉት 3 ወራት ነው፤ እነዚያ 3 ወራት ግን በየትኛው ጾም ላይ እንደወደቁ ሰዎች ልብ አይሉም። በሚያዝያ ወጥታችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ በአብዛኛው የዐቢይ ጾም መልስ ነው፦ 55 ቀን ሽሮ፣ ክክ፣ ምስርና ባቄላ፣ ለብዙው ሰው እስከ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆድ። ጥራጥሬ፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በትንሹ አንጀት በሙሉ የማይፈጩ ስኳሮች አሏቸው፤ ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያ ያፈላቸውና ጋዝ ያመነጫሉ። ስለዚህ ሆድ መንፋት በዚያ ወቅት ቢበዛ አያስገርምም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ደግሞ ቅቤና ሥጋ በአንድ ጊዜ ስለሚገቡ ምልክቱ ሌላ መልክ ይይዛል።

በዓመቱ ውስጥ ረጅም ጾም የሌለበት የሦስት ወር ዝርጋታ አንድ ብቻ ነው፦ ፍልሰታ ከተፈታበት ማግስት ከነሐሴ 17 እስከ ጾመ ነቢያት ዋዜማ ኅዳር 14። ሲቆጠር ጳጉሜን ጨምሮ 93 ቀን ይሆናል። መረጃ መሰብሰቡን ከኅዳር 10 እስከ 20 ካደረጋችሁት ወደኋላ የሚታወሰው ዘመን ከጥቂት ቀናት በቀር ከረጅም ጾም ነጻ ይሆናል፤ ረቡዕና ዓርብ ግን አይቀርም። ይህ ወቅት ችግር የለበትም ማለት አይደለም። የነሐሴና የመስከረም መጀመሪያ ክረምት ስለሆነ ተቅማጥ ይበዛል፣ እንቁጣጣሽና መስቀልም ጥሬ ሥጋ ይዘው ይመጣሉ። ያም ሆኖ የአጭር ጊዜ ተቅማጥን በአንድ ጥያቄ መለየት ይቻላል፤ የሁለት ወር ጾምን ከመልሱ ማውጣት ግን አይቻልም። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚገባ የዓመታችሁን ቀን አስቀድማችሁ እዩ።

በዚህ ጊዜ መሄድ ካልቻላችሁ ሁለት ጊዜ ሂዱ፤ አንዱን በጾም፣ አንዱን ከጾም ውጪ፣ ወደ እነዚያው ቤቶች። ያ ራሱን የቻለ ጥሩ ጥናት ነው፤ እኛም በጣም የምንመኘው እንዲህ ያለውን ነው።

ኅዳር ላይ ከሆናችሁ ለማስታወሻ የሚሆኑ ቀኖች አሉላችሁ። «ባለፉት ሦስት ወራት» ማለቱን ተዉትና «የፍልሰታ ጾም ከተፈታ ወዲህ» በሉ። ለስድስት ወሩ «ይህ ነገር ከግንቦት ልደታ በፊት ነበረብዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። ግንቦት 1 ለኅዳር 10 ከስድስት ወር ጥቂት ይበልጣል፤ ስለዚህ በግንቦት መጀመሪያ የጀመራቸውን ጥቂት ሰዎች ታጣላችሁ እንጂ ያልሞላቸውን አታስገቡም። ለሙስሊም መላሾች ያለፈውን ረመዳን ወይም ዒድ አል አድሃን (አረፋን) በዚያው ዓመት ስሌት ተጠቀሙ።

ፈቃድ

ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የጸደቀ ደብዳቤ፣ ከዚያ የጤና ቢሮ፣ የክፍለ ከተማ፣ የወረዳ፣ በመጨረሻ የጤና ጣቢያው። በአዲስ አበባ መስተዳድር ውስጥ ላሉ ሰፈሮች መንገዱ በአዲስ አበባ ጤና ቢሮ በኩል ነው፤ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ያሉት ሸገር ከተማ ውስጥ ስለሆነ በኦሮሚያ ጤና ቢሮ በኩል ይሄዳል። የአንዱ ደብዳቤ ለሌላው አይሠራም። በድንበሩ ላይ ያሉ ሰፈሮችን ከመምረጣችሁ በፊት የትኛው ጤና ጣቢያ ሥር እንደሆኑ በአካል ሄዳችሁ አረጋግጡ። ለዚህ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ወር ያዙ፤ ኅዳርን ለመድረስ ከሰኔና ሐምሌ መጀመር ያስፈልጋል።

የሮም አራት መጠይቅ የባለቤትነት መብት የሮም ፋውንዴሽን ነው። ከመተርጎማችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፤ በዚያው ደብዳቤ የአማርኛም የአፋን ኦሮሞም ትርጉም እጃቸው ላይ እንዳለ ጠይቁ፤ ካለ በእርሱ ተጠቀሙ።

ናሙና

የተለመደው ስሌት 50 በመቶ ስርጭት፣ 5 በመቶ ስሕተት፣ 95 በመቶ እርግጠኝነት ይወስድና 385 ያወጣል። ሰፈሮችን በክላስተር (ተጎራባች ቤቶችን በስብስብ) ስለምትመርጡ በ1.5 አባዙት፣ 578 ይሆናል። 10 በመቶ ሰው መልስ አይሰጥም ብላችሁ ከገመታችሁ ደግሞ ለ0.9 አካፍሉ፣ 643። በ1.1 ማባዛት ተለምዷል፤ 636 ያወጣና ከሚያስፈልገው ያንሳል።

ይህ ቁጥር ግን የሚሠራው «ማንኛውም የአሠራር ሕመም» ለሚለው ብቻ ነው። አይቢኤስ በቤት ለቤት 1.5 በመቶ ከሆነ 643 ሰው ውስጥ የምታገኙት ወደ 10 ሰው ነው፤ በ10 ሰው ስለ ምክንያት መናገር አይቻልም። የአይቢኤስን ስርጭት በ1 በመቶ ስሕተት ለመገመት ብቻ 568 ሰው፣ በክላስተሩ 852፣ ባልመለሱት ታርሞ 947 ያስፈልጋል። ይህን ያህል ገንዘብ ከሌላችሁ የጥናቱን ጥያቄ ቀይሩ፤ ለምሳሌ ወደ ዲስፔፕሲያ ምልክቶች ወይም ወደ ሆድ ድርቀት።

የወረዳው ዝርዝር ኮንዶሚኒየሙን በብሎክና በቤት ቁጥር ይዞታል፤ ከጀርባው ያሉትን የጨረቃ ቤቶች፣ የግቢ ውስጥ ክራይ ክፍሎችንና የግንባታ ሠራተኞች ማደሪያዎችን ግን በአብዛኛው አያውቃቸውም። ውሃና መጸዳጃ የሚቸግረው እነዚያ ጋ ነው። ስለዚህ ክላስተሩ ከተመረጠ በኋላ ሁለት ሰው አንድ ቀን ይዙርና በር በር ይቁጠር፤ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አብራችሁ ብትዞር ግማሹን ድካም ታቀልላችኋለች። ባለሙያዋ ቃለ መጠይቁን ግን እንዳትሠራ። ሽንት ቤት ስሩ፣ እጅ ታጠቡ እያለች የምታስተምረው እርሷ ስለሆነች መላሹ የሚነግራት እርሷ መስማት የምትፈልገውን ነው።

በቤቱ ካሉ አዋቂዎች አንዱን ለመምረጥ የልደት ቀን የሚጠይቀው የውጭ ዘዴ እዚህ አይሠራም፤ ብዙ ሰው ቀኑን በትክክል አያውቅም። ስማቸውን በወረቀት ጽፋችሁ በፊታቸው ዕጣ አውጡ። ሰዉ ዕጣን ያምናል፤ «ለምን እርሷ ተመረጠች» የሚል ቅሬታም አይነሣም።

የተመረጠው ሰው ከሌለ ጎረቤት አትተኩ። ገላን ወይም ሰበታ ፋብሪካ የሚሠራው ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥቶ ማታ ነው የሚመለሰው። በሥራ ቀን ጠዋት ብቻ የዞረ ቡድን የቤት እመቤቶችንና አረጋውያንን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ከ5 ሰዓት በኋላ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሂዱ፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሳችሁ ካጣችሁ «አልተገኘም» ብላችሁ መዝግቡ።

ጥያቄውን ማብሰል

ሁለት ሰው ለየብቻ ይተርጉም፤ አንዱ ሐኪም ቢሆን ሁለተኛው ከሕክምና ውጪ ያለ ይሁን። ሁለቱ ይታረቁ፣ ከዚያ መጠይቁን አይቶ የማያውቅ ሦስተኛ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰው። ለአፋን ኦሮሞም እንዲሁ፤ ከአማርኛው ሳይሆን ከምንጩ። በሱሉልታና በሰበታ ገጠር ቀመስ ቀበሌዎች በአማርኛ ብቻ መሄድ ማለት ግማሹን ሰው በአስተርጓሚ መጠየቅ ነው፤ አስተርጓሚ ደግሞ ያሳጥራል።

ከዚያ በኋላ ለ15 ያህል ሰዎች አንብቡላቸውና «በራስዎ አነጋገር ምን ጠየቅኩዎት?» በሏቸው። ይህን ደረጃ የዘለለ ጥናት በሚከተሉት ቃላት ላይ ይወድቃል።

«ጨጓራ አለብዎት?» ብሎ መጠየቅ ምልክት ሳይሆን የምርመራ ውጤት መጠየቅ ነው። ከእምብርት በላይ ለሚሰማ ለማንኛውም ነገር ሰው ጨጓራ ይላል፤ ቃርንም፣ ሐሞትንም፣ አንዳንዴ የደረት ሕመምንም። የሰው ሆድ ሥዕል አሳዩና «የሚያምዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ» በሉ። ከእምብርት በላይ፣ ዙሪያውና በታች ተብሎ ተከፍሎ ቁጥር ይሰጠው። ጽሑፍ የማያነቡ መላሾችም ያለ ችግር ይሠሩታል።

«ሆድ ሕመም» ሲባል ለአንዳንዱ ተቅማጥ ማለት ነው። ስለዚህ «ሆድዎን ያምዎታል? ቁርጠት፣ ውጋት ወይም ሌላ የሚያም ነገር ማለቴ ነው፤ ተቅማጡን በኋላ እጠይቅዎታለሁ» የሚል ማብራሪያ በጥያቄው ውስጥ ይጻፍ እንጂ ለጠያቂው ፈቃድ አይተው።

የድግግሞሹ ምርጫ ከ«ፈጽሞ የለም» እስከ «በቀን ብዙ ጊዜ» ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ ምርጫ በጆሮ ሰምቶ የሚይዝ ሰው የለም፤ መላሹ የመጨረሻውን ወይም መሃሉን ይመርጣል። በሁለት ደረጃ ክፈሉት። መጀመሪያ «በየሳምንቱ ይመጣል ወይስ ሳምንት ይዘላል?» በየሳምንቱ ካለ፣ «በሳምንት ስንት ቀን?» ሳምንት የሚዘል ከሆነ፣ «በወር ስንት ቀን?» ኮዱን ጠያቂው ይሙላው። የምርመራው መስመር የሚያልፈው በዚያ በሳምንት አንድ ቀን ላይ ስለሆነ ቁጥሩ እዚያ ላይ መንሸራተት የለበትም።

በመቶኛ የሚጠየቁት ጥያቄዎችም አሉ፤ «ሲያምዎት ከስንት ጊዜው ሽንት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት ነው?» የሚለው ዓይነት። መቶኛን ተዉት። አሥር ፍሬ ባቄላ ጠረጴዛው ላይ ወይም ምንጣፉ ላይ አስቀምጡና «ከአሥር ጊዜ ስንቱ ነው? ያን ያህል ወደዚህ ይለዩልኝ» በሉ። ለ25 በመቶው ወሰን ሦስት ፍሬና ከዚያ በላይ ያለፈ ይቆጠራል። ባቄላው በሁሉም ጠያቂ ቦርሳ ውስጥ መኖሩን ጠዋት ጠዋት አረጋግጡ።

የሰገራ ቅርጽ የሚለካው በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመው ባለ 7 ደረጃ ሥዕል ነው፤ 1 እንደ ፍየል በጠጥ የተለያየና ጠጣር፣ 4 ለስላሳና ወጥ፣ 7 ፍጹም ፈሳሽ። ሥዕሉ ሰገራውን አይቶ ለሚያውቅ ሰው የተሠራ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ያለው ሰው ያያል። በጉድጓድ መጸዳጃ የሚጠቀመው ግን አያይም፤ ሌሊት ከሆነም ጨለማ ነው። ሥዕሉን አሳይታችሁ «የትኛው ነው?» ስትሉት ከጨዋነት 4ን ይመርጥላችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ «የሚጠቀሙበት ሽንት ቤት ሰገራውን ያሳያል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላሳየ በአወጣጡ ጠይቁ፦ እየተቆራረጠና እያስማጠ ነው የሚወጣው፣ በቀላሉ ነው፣ ወይስ እንደ ውሃ ነው? ሁለቱን መልሶች በተለያየ ተለዋዋጭ መዝግቡ፤ በትንታኔው አትደባልቋቸው።

«ሰገራ» የሚለውን ቃል አንዳንድ አረጋውያን ከእንግዳ አፍ ሲሰሙት ይሸማቀቃሉ። «ሽንት ቤት ሲቀመጡ» ማለት ይበቃል፤ ነገር ግን ሽንት ብቻ እንዳይመስላቸው አንድ ጊዜ «ዓይነ ምድር ለመውጣት» ብላችሁ ግልጽ አድርጉ።

ቃለ መጠይቁ

ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይጠይቅ። ጎረቤት ቡና ላይ ከተሰበሰበ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ከሚለው ሌላ መልስ አታገኙም፤ ቡናው እስኪያልቅ ጠብቁ ወይም ሌላ ሰዓት ቅጠሩ። «እትዬ፣ ትንሽ ገለል ብለን ብናወራ?» ማለት አያስከፋም። ከላይኛው ሆድ ጀምሩ፣ ቃርና መጥገብ ቀላል ናቸው፤ ሰገራው በመሃል፣ የአእምሮ ጤናው በመጨረሻ። አንዱ ቃለ መጠይቅ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል፤ አንድ ጠያቂ በቀን ከ6 በላይ ከያዘ የመጨረሻዎቹን እየዘለለ እንደሆነ ጠርጥሩ።

ከሮሙ መጠይቅ ውጪ የሚጨመሩት እነዚህ ናቸው፦ ባለፉት 4 ሳምንታት ከፋርማሲ የተገዛ መድኃኒት (ኦሜፕራዞል፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ቲኒዳዞል፣ አልቤንዳዞል)፤ የቤት መድኃኒት (ኮሶ፣ እንቆቆ፣ ፌጦ፣ ተልባ፣ አብሽ)፤ ጫት፣ ቡና፣ ጠላና አረቄ፤ ከዚህ በፊት የጣለ ከባድ ተቅማጥ መኖሩ። ጫት የጨጓራን መፍሰስ ያዘገያል፣ ድርቀትም ያመጣል። ከከባድ የአንጀት ኢንፌክሽን በኋላ ደግሞ ከአሥር ሰው አንድ ገደማ አይቢኤስ ይይዘዋል፤ የውሃ ችግር ባለበት ዳርቻ ይህ ጥያቄ ትልቅ ክብደት አለው። ለድባቴ በአማርኛ ተፈትሾ ያለውን ፒኤችኪው 9 የተባለ ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ ተጠቀሙ። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። «አዎ» ያለን ሰው ትታችሁ እንዳትሄዱ፤ የትኛው ጤና ጣቢያ፣ የትኛው ባለሙያ እንደሚቀበለው ከመውጣታችሁ በፊት በስም ይታወቅ።

መረጃውን በስልክ ኮቦ ወይም ኦዲኬ በሚባሉት የመረጃ መሰብሰቢያ ፕሮግራሞች ከሞላችሁ የልደት ዓመትን ልብ በሉ። መላሹ «1980» ሲል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ፕሮግራሙ በፈረንጅ ይወስደውና ሰውየውን ከ7 እስከ 8 ዓመት ያስረጀዋል። ዕድሜውን ቀጥታ ጠይቁ። በመዝለያ ደንብም አትመኩ። «በሳምንት ከአንድ ቀን በታች ያምኛል» ያለውን ሰው ቀሪውን የሕመም ጥያቄ የሚያዘልል ፎርም ጊዜ ይቆጥባል፤ በኋላ ግን ውጤቱን በሮም ሦስት ለማየት ስትፈልጉ መረጃው የለም።

ሰገራውን መመርመር

ጃርዲያና ሌሎች የአንጀት ጥገኞች በብዛት ባሉበት ቦታ ምልክት ብቻ ቆጥሮ «የአሠራር ሕመም» ማለት ሰዎቹን መበደል ነው። ቢያንስ መለኪያውን ካሟሉት ሁሉና በዕድሜና በጾታ ከሚመሳሰሏቸው ጤነኞች እኩል ቁጥር ሰገራ ውሰዱ። ጤነኞቹ ካልተመረመሩ የጥገኛው መኖር ምንም አይነግራችሁም፤ ምልክት የሌለው ተሸካሚ ብዙ ነው።

ክዳን ያለው ኩባያ፣ የእንጨት ማንኪያና የሚነጠፍ ንጹሕ ላስቲክ ስጡ። ሽንትና አፈር እንዳይቀላቀል ንገሯቸው፤ ሽንት የሚንቀሳቀሱትን ጥገኞች ይገድላል። የሚያስፈልገው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ነው። ፈሳሽ ሰገራ በ30 ደቂቃ፣ ለስላሳው በ1 ሰዓት ውስጥ በማይክሮስኮፕ ካልታየ የጃርዲያና የአሜባ ተንቀሳቃሽ ቅርጽ ይጠፋል። ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ድረስ ናሙና ይዞ በጠዋት መንገድ መጨናነቅ ውስጥ መሄድ ማለት እነርሱን መተው ነው። ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ለቀሪው አንድ እጅ ሰገራ በሦስት እጅ 10 በመቶ ፎርማሊን ይቀመጥና በፎርሞል ኤተር ዘዴ ይጠለል።

ጃርዲያ በየቀኑ አይወጣም። አንድ ናሙና አሉታዊ ስለሆነ ጃርዲያ የለም ማለት አይደለም፤ ሦስት ናሙና ቀን እያሳለፉ ይወሰዱ። ሜትሮኒዳዞል በቅርቡ የዋጠ ሰው ላይ አሉታዊ ውጤት ትርጉም የለውም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ውሰዱ።

አሜባ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። በሽታ የሚያመጣው ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካና የማያመጣው ዲስፓር በማይክሮስኮፕ አንድ ናቸው፤ ቀይ የደም ሴል የዋጠ ካልታየ በቀር አይለዩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለቱን አንድ ላይ «ሂስቶሊቲካ ወይም ዲስፓር» ብሎ መጻፍን መክሯል። በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ «አሜባ» ብቻ የተጻፈለት ሰው ሁሉ ለሕመሙ ምክንያት አገኘ ብላችሁ ከአሠራር ሕመም ዝርዝር አታውጡት።

ለሔሊኮባክተር ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ተጠቀሙ። የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ያለፈንም ያለንም ኢንፌክሽን አንድ አድርጎ ስለሚያሳይ ለዚህ ጥናት አይሆንም። ኦሜፕራዞልን ከ2 ሳምንት ወዲህ፣ አንቲባዮቲክን ከ4 ሳምንት ወዲህ የወሰደ ሰው ውጤት በሐሰት አሉታዊ ሊሆን ይችላል። ለጥናት ብላችሁ መድኃኒት አታስቁሙ፤ ሐኪሙ ሲያቆምለት ናሙናውን ኋላ ውሰዱ።

ጥገኛ የተገኘበት ሁሉ ውጤቱን በወረቀት ያግኝ፣ ሕክምናም ያግኝ። የመድኃኒት ወጪው ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ ካልገባ ምርመራውን አትጀምሩ።

ወዲያው ወደ ሐኪም የሚላክ

በሰገራ ደም ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የደም ማነስ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ፣ ምግብ ሲዋጥ መያዝ፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ በሆድ ላይ የሚዳሰስ እብጠት ወይም ውሃ መቋጠር፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም ተቅማጥ፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ምልክት። የሆድ ቲቢ ለወራት አይቢኤስ መስሎ ሊቆይ ይችላል፤ መክሳት፣ ትኩሳትና የሆድ መቋጠር አብረው ሲመጡ ጥናቱን ትታችሁ ሰውየውን ላኩ። የመላኪያ ወረቀቱ ከመጠይቁ ጋር ታትሞ ይውጣ፤ ከሳምንት በኋላም ደውላችሁ ሄዶ እንደሆነ ጠይቁ።

መቁጠርና መጻፍ

ምርመራውን ጠያቂው አይስጥ፤ የሮምን መስፈርት በኮድ ጽፋችሁ ፕሮግራሙ ይቁጠር፣ ሁለተኛ ሰውም ኮዱን ለብቻው ይጻፈውና ውጤታችሁን አስተያዩ። ሁለቱ ካልገጠሙ በአብዛኛው ስሕተቱ «ቢያንስ አንድ ቀን» የሚለውን «ከአንድ ቀን በላይ» አድርጎ መጻፍ ነው።

ከመላሾቹ 30 ያህሉን ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሌላ ጠያቂ ደግሞ ይጠይቃቸውና ስምምነታቸው በካፓ (የሁለቱ ጠያቂዎች ውጤት ምን ያህል እንደሚገጥም በሚያሳይ ቁጥር) ይለካ። ጥያቄዎች እርስ በርስ አብረው መሄዳቸውን የሚለካው ክሮንባክ አልፋ ለዚህ አይሆንም፤ ተቅማጥና ድርቀት በአንድ ሰው ላይ አብረው እንዲመጡ የሚጠብቅ የለም።

ሰንጠረዡ ሦስት አምድ ይኑረው፦ መለኪያውን ያሟሉ በሙሉ፤ ከእነርሱ የአደጋ ምልክት የሌላቸው፤ ከእነዚያም የሰገራ ምርመራቸው ንጹሕ የሆነ። የመጀመሪያውን ብቻ ያቀረበ ያጋንናል፣ የመጨረሻውን ብቻ ያቀረበ ደግሞ ጃርዲያም አይቢኤስም ያለበትን ሰው ይሰውራል። መረጃው የተሰበሰበበትን ቀን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፉ፤ ጾም ላይ መሆን አለመሆኑንም በዘዴው ክፍል አስቀምጡ። የተጠቀማችሁበትን የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ጥያቄ ቃል በቃል አባሪ አድርጉት፤ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ደግሞ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ናሙናውን ለመረመረው ጤና ጣቢያ ይድረስ።